ደብዛዛ ፎቶ ላይ ያለውን ወፍ መለየት፦ ለጅማ ወፍ ተመልካቾች ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ጅማ አጠገብ ባለው ቦዬ ረግረግ ዳር ወይም በቡና ጥላ ሥር የሚነሳ የወፍ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ የጠራ አይደለም። ወፉ ሩቅ ነው፣ ሰማዩ ደመና ነው፣ ስልኩም ዙም ሲደረግ ምስሉን ያፈርሰዋል። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንዱ «ንስር ነው» ይላል፤ ሌላው «የደረቀ ቅጠል ነው» ብሎ ሁሉንም ያስቃል። ሳቁ ሲያልፍ ግን ጮክ ብሎ የተጠራው ስም እንደ መልስ ተቆጥሮ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ስሙ ይቀድማል፤ ማስረጃው ከኋላ እየተጎተተ ስሙን እንዲደግፍ ይደረጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። እጩ ስሞች የሚጻፉት በ7ኛው፣ የተመረጠው ስም ደግሞ በ8ኛው ደረጃ ነው። ከ7ኛው ደረጃ በፊት ስም ወደ አእምሮዎ ከመጣ ወረቀት ላይ አያስፍሩት፣ አጠገብዎ ላለ ሰውም አይናገሩት።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚከተሉትን ያዘጋጁ፦

• ፎቶውን በትልቁ የሚያሳይ ኮምፒውተር። ከሌለ የስልኩን የስክሪን ብርሃን ከፍ አድርገው ጥላ ያለበት ቦታ ይቀመጡ። ፀሐይ ላይ ሆነው የሚያዩት ጥቁር ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል።
• ደብተርና እርሳስ።
• ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው ቁራጭ ወረቀት፤ ለመለኪያ ነው።
• የኢትዮጵያን ወፎች የያዘ የመለያ መጽሐፍ፣ ወይም መርሊን የተባለው የስልክ መተግበሪያ። ሁለቱንም እስከ 7ኛው ደረጃ ድረስ ዘግተው ያቆዩአቸው።

ደረጃ 1፦ ዋናውን ፋይል ያድኑ

1. ፎቶውን ያነሳውን ሰው ዋናውን ፋይል ይጠይቁት። በቴሌግራም የሚልክልዎ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክልዎ። እንደ ፎቶ ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል፣ ከፋይሉ ጋር የተያያዘው የቀንና የሰዓት መረጃም ይጠፋል።
2. ቅጂ ያዘጋጁ። መቁረጥም ሆነ ማብራት በቅጂው ላይ ብቻ ይሁን።
3. ከዚያ ፎቶ በፊትና በኋላ የተነሱትን ሁሉ ይሰብስቡ። ወፉ ጀርባውን የሰጠበት፣ ግማሽ ክንፍ ብቻ የገባበት፣ ለመጣል የታሰበው ፎቶ ሳይቀር ይምጣ። ጥሩ በተባለው ፎቶ ላይ ያልታየው ጭራ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በተጣለው ውስጥ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ደብዛዛን ፎቶ እናጠራለን የሚሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎችን ፈጽሞ አይጠቀሙ። እነዚህ መተግበሪያዎች ካሜራው ያላየውን ላባ ይሥላሉ። አንዳንድ ዘመናዊ ስልኮችም ዙም በጣም ሲጨምር በራሳቸው ይህን ያደርጋሉ። ስለዚህ እጅግ በተሳበ የስልክ ፎቶ ላይ ላባው በቀለም የተቀባ መስሎ ከታየዎ ያንን ዝርዝር እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት፤ የወፉን አጠቃላይ ቅርጽ ብቻ ይያዙ።

ዋናው ፋይል ከጠፋ፦ በስልኩ ውስጥ የተሰረዙ ፎቶዎች የሚቆዩበትን ማህደር ይክፈቱ፤ አብዛኞቹ ስልኮች ለጥቂት ሳምንታት ያቆዩታል። እዚያም ከሌለ ባለዎት ቅጂ ይሥሩ፤ ነገር ግን ደብተሩ ላይ «የተጨመቀ ቅጂ» ብለው ይጻፉ።

ደረጃ 2፦ ወፍ መሆኑን ያረጋግጡ

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው። ቦዬ ላይ ሣር ውስጥ የተያዘ ነጭ ፌስታል ከሩቅ ሲታይ ከነጭ ሳቢሳ አይለይም። የተቆረጠ የዛፍ ጉቶ የተቀመጠ ጭልፊት ይመስላል፤ የተጠቀለለ የኮባ ቅጠልም እንዲሁ።

ተከታታይ ፎቶዎቹን አከታትለው ይክፈቱ። ቦታውን ወይም ቅርጹን ከለወጠ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይለፉ። በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ አጠገቡ ያሉትን ቅጠሎች ይመልከቱ፤ ነፋስ ቅጠሎቹን ሲያንቀሳቅስ እርሱም በዚያው አቅጣጫ ከሄደ ቅጠል ነው። ያለዎት ፎቶ አንድ ብቻ ከሆነና ምንቃር፣ እግር ወይም ክንፍ ብለው በእርግጠኝነት የሚያመለክቱት ነገር ከሌለ እዚህ ላይ ያቁሙ።

ደረጃ 3፦ ከፎቶው ውጪ ያለውን ሁሉ ይጻፉ

ፎቶው ደብዛዛ በሆነ መጠን በዙሪያው ያለው መረጃ ይበልጥ ያስፈልጋል። ፎቶውን ያነሳውን ሰው ትዝታው ሳይደበዝዝ ያነጋግሩት። «ምን ወፍ ነበር?» ብለው አይጠይቁት። የሚከተሉትን ይጠይቁት፦

1. የት? ረግረግ ላይ፣ በቡና ጥላ ሥር፣ ደን ውስጥ፣ መንገድ ዳር ወይስ ቄራ አጠገብ? ከመሬት ምን ያህል ከፍ ብሎ?
2. ምን ያደርግ ነበር? ይራመድ፣ ይዘል፣ ያንዣብብ፣ ቅርንጫፍ ላይ ይሮጥ ነበር?
3. ብቻውን ነበር ወይስ በመንጋ?
4. አጠገቡ መጠኑን የሚያውቁት ምን ነገር ነበር? ላም፣ የአጥር እንጨት፣ ርግብ? መለኪያ ሊሆን የሚችለው አጠገቡ ያለው እንጂ ከኋላው ያለው አይደለም። ሩቅና ቅርብ ያሉ ነገሮች ፎቶ ላይ አንድ ላይ ስለሚገጥሙ ብዙ ሰው ያታልላሉ።
5. ድምፅ ተሰማ? ቪዲዮ ካለ ምስሉ የማይረባ ቢሆን እንኳ ድምፁን ያቆዩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰዓትና ቀን ሲመዘግቡ ይጠንቀቁ። ያነሳው ሰው «ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል» ካለ፣ እንደ ኢበርድ ባሉ የኢንተርኔት የወፍ መመዝገቢያዎች ላይ የሚገባው 7:30 ነው። 1:30 ብለው ካስገቡ ሳቢሳዎ በእኩለ ሌሊት የታየ ይሆናል። ቀኑንም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ቀይረው ያስገቡ። ወሩ መለያ ነው፦ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ስደተኛ ወፎች በብዛት የሚገኙት ከመስከረም እስከ መጋቢት ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የተነሳን ፎቶ የስደተኛ ወፍ ነው ለማለት ከወትሮው የጠነከረ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ደረጃ 4፦ ድብዝዝታው ከምን እንደ መጣ ይለዩ

ድብዝዝታ ሁሉ አንድ አይደለም። ምን እንደሚታመንና ምን እንደማይታመን የሚወስነው መነሻው ነው። ፎቶውን በሙሉ መጠኑ ይክፈቱና ከወፉ በፊት ዳራውን ይመልከቱ።

እጅ ተንቀጥቅጦ ከሆነ፦ ወፉም ቅርንጫፉም በአንድ አቅጣጫ ተስበዋል። በዚያ አቅጣጫ ያለ ርዝመት ሁሉ ተጋኗል። ፎቶው ወደ ጎን ከተሳበና ወፉም ወደ ጎን ከዞረ የምንቃሩን ርዝመት አይለኩ፤ ከላይ ወደ ታች ያለው ልኬት ግን ይሻላል።

ወፉ ተንቀሳቅሶ ከሆነ፦ ዳራው ጥርት ብሎ ወፉ፣ በተለይም የክንፉ ጫፍ፣ ተድበስብሷል። ክንፉን ይተዉና አካሉንና ጭራውን ይመልከቱ፤ እነርሱ ከክንፍ ያነሰ ይንቀሳቀሳሉ።

ፎከሱ ስቶ ከሆነ፦ ከፊት ያለው የቡና ቅርንጫፍ ጥርት ብሎ ወፉ ለስላሳ ሆኗል። በቡና ማሳ ውስጥ በጣም የሚያጋጥመው ይህ ነው። የጠርዙ ቅርጽ ይሰፋል፤ ቀጭን ምንቃር ወፍራም ይመስላል። ትልልቅ የቀለም ክፍፍሎች ግን ይተርፋሉ፤ ነጭ ሆድና ጥቁር ደረት ካለው ይታያል።

ርቀት ከሆነ፦ ሁሉም ነገር ጥሩ ነው፤ ወፉ ግን ጥቂት ፒክስሎች ብቻ ናቸው። እንዲህ ዓይነቱን ፎቶ አያሳድጉት። በትንሹ ትተው ከስክሪኑ ራቅ ብለው ይመልከቱት። ሲያሳድጉት የሚያዩት አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ነው፤ ከራቁት ቅርጹ ይሰበሰባል።

ሁለት ምክንያቶች ተደራርበው ከሆነ ሁለቱንም ይጻፉና የባሰውን ሕግ ይከተሉ።

ደረጃ 5፦ ብርሃኑን ያስተካክሉ፣ ቀለሙን ይጠራጠሩ

1. በቅጂው ላይ የጥላውን ክፍል ብቻ በጥቂቱ ያብሩ። ሙሉውን ፎቶ ካበሩት ነጩ ሁሉ ይቃጠላል።
2. ወፉ ከሰማይ ፊት ከሆነ ጥቁር መምሰሉን እንደ መለያ አይቁጠሩት። ከኋላ የሚመጣ ብርሃን ማንኛውንም ወፍ ያጠቁራል።
3. ወፉ በቡና ጥላ ሥር ከሆነ በቅጠሉ ውስጥ ያለፈው ብርሃን ነጩን ሆድ አረንጓዴያማ ወይም ቢጫማ እንደሚያስመስለው ያስታውሱ። በዚያው ፎቶ ላይ ነጭ መሆኑን የሚያውቁት ነገር ካለ ያነጻጽሩ። ግራጫ የዛፍ ልጥ አረንጓዴ ሆኖ ከታየ የወፉም አረንጓዴነት ከብርሃኑ ነው።
4. አንጸባራቂ ወፎችን በቀለም አይለዩ። የአበባ ማር የሚመጥጡ ትንንሽ ወፎች ላባ የሚያበራው ብርሃን በትክክለኛው ማዕዘን ሲያርፍበት ነው፤ ማዕዘኑ ሲስት ጥቁር ነው።

ከዚያም የፎቶውን ቀለም አጥፍተው በጥቁርና ነጭ ይመልከቱት። ወፉ ላይ በጣም የነጣው የት ነው? በጣም የጠቆረውስ? ለደብተርዎ የሚበቃው ይህ ነው፦ «ሆድ ነጭ፣ ክንፍ ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ከወገብ በላይ ነጭ»። የብርሃንና የጥላ ክፍፍል ድብዝዝታን ከቀለም በተሻለ ይቋቋማል።

ደረጃ 6፦ ቅርጹን ይለኩ

አሁን ወረቀቱን ያንሱ። ስክሪኑ ላይ አድርገው በእርሳስ ምልክት እያደረጉ ይለኩ።

1. ምንቃር ከጭንቅላት ጋር፦ ከምንቃሩ ሥር እስከ ጫፉ ያለውን ምልክት ያድርጉ፤ ከምንቃሩ ሥር እስከ ማጅራት ካለው ጋር ያነጻጽሩ። አጭር፣ እኩል ወይስ ረጅም?
2. ምንቃሩ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ወደ ታች የታጠፈ?
3. ጭራ ከአካል ጋር፦ ጭራው ከአካሉ ግማሽ ያንሳል? ጫፉ ሹካ፣ ቀጥ ያለ፣ ክብ ወይስ መሐሉ የረዘመ?
4. የሚበር ከሆነ አንገቱ ተዘርግቷል ወይስ ታጥፏል? እግሩ ከጭራው ያልፋል?
5. የተቀመጠ ከሆነ አቋሙ ቀጥ ያለ ነው ወይስ አግድም?

እያንዳንዱን መልስ «አያለሁ»፣ «ይመስለኛል» ወይም «አይታይም» በሚል ምልክት ያድርጉበት። «ይመስለኛል» ያሉት በ8ኛው ደረጃ ላይ ብቻውን ስም ማውጣት አይችልም። ይህን መለየት ከሁሉም በላይ አስቸጋሪ ሆኖ ያገኙታል፤ ዓይን የጠበቀውን ማየት ይወዳልና። የመለያ መጽሐፉን ዘግተው እንዲያቆዩ የተነገረዎትም ለዚህ ነው።

ከተከታታዮቹ ፎቶዎች ቢያንስ በሁለቱ ላይ ይለኩ። የተለያየ ውጤት ከሰጡ ወፉ ወደ ካሜራው ወይም ከካሜራው ዞሯል ማለት ነው፤ በጎኑ የታየበትን ይመኑ።

ደረጃ 7፦ በጅማ የሚያምታቱትን ያነጻጽሩ

አሁን መጽሐፉን ይክፈቱ። ደብተሩ ላይ ቢያንስ ሦስት እጩዎችን ይጻፉ፤ አንድ እጩ ብቻ ከጻፉ እየመረጡ ሳይሆን እየወሰኑ ነው። በጅማና በአካባቢዋ በተደጋጋሚ የሚምታቱት የሚከተሉት ናቸው።

ከከተማው በላይ የሚያንዣብብ ጥቁር ነገር

ጭልፊት፣ ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳ፣ ኦገር ባዛርድ የሚባለው አዳኝ ወፍና ቁራ እዚህ ይሰበሰባሉ። ጭራውን ይፈልጉ።

ጭልፊት ጭራው ረጅምና ሹካ ነው፤ ክንፉ ቀጭንና አንጓው ላይ የታጠፈ ነው። ወጥመዱ ይህ ነው፦ ጭልፊት ሲዞር ጭራውን ስለሚዘረጋ ሹካው ይጠፋል፣ ጫፉ ቀጥ ያለ ይመስላል። በአንድ ፎቶ ላይ ሹካ አለመኖሩ ጭልፊትን አያስወጣውም፤ የቀጣዩን ፎቶ ጭራ ይመልከቱ።

ጥንብ አንሳው ጭራው አጭር፣ ክንፉ ሰፊና ጫፉ በጣት መልክ የተከፈለ ነው፤ ጭንቅላቱ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ይህ ወፍ ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ እጅግ ለከፋ የመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ጋር የተመዘገበ ስለሆነ፣ «አሞራ ነው፣ ምን ያደርጋል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በትክክል የተለየ እያንዳንዱ መዝገብ ዋጋ አለው።

ኦገር ባዛርድ ክንፉ ሰፊ፣ ጭራው አጭር ነው፤ ያደገው ወፍ ጭራው ጡብ የመሰለ ቀይ ነው። ሆዱ ነጭ የሆነም ጥቁር የሆነም አለ፤ ሆዱ ጠቁሯል ብለው አያስወጡት።

ባለ ወፍራም ምንቃሩ ቁራ በጭንቅላቱ ጀርባ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ የጭራው መሐል ረዝሞ ጠርዙ ያጥራል። ጭራ የሌለው እስኪመስል ያጠረና ክንፉ በጣም የሰፋ ቁራ ካዩ ግን ሌላው፣ ባለ ማራገቢያ ጭራው ነው።

ቦዬ ላይ የሚበሩ ረጃጅም እግሮች

የመጀመሪያው ጥያቄ አንገት ነው። ሳቢሳ ሲበር አንገቱን አጥፎ ወደ ትከሻው ያስገባል። ኩርኪ፣ አብዛኞቹ ሽመላዎችና ምንቃሩ ወደ ታች የታጠፈው አይቢስ ዘርግተው ይበርራሉ። ወጥመድ፦ ሳቢሳ ከመሬት በተነሳበት ቅጽበት አንገቱ የተዘረጋ ነው። ፎቶው መነሻው ላይ የተወሰደ ከሆነ በአንገት አይወስኑ።

ጥቁር ባለ ዘውድ ኩርኪ አንገትም እግርም ዘርግቶ፣ በጥቁር ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ ይዞ ይበርራል። ዘውዱ በደብዛዛ ፎቶ ላይ ላይታይ ይችላል፤ የክንፉ ነጭ ግን ይታያል። አንገቱ በሙሉ ነጭ ሆኖ አካሉ የገዘፈ ከሆነ ሌላውን ኩርኪ፣ ከጉሮሮው ሥር ቆዳ የሚንጠለጠልበትን፣ ከእጩዎችዎ ጋር ያስገቡ። ሁለቱም ኩርኪዎች ለመጥፋት የተጋለጡ ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። ጎጆ ካዩ ትክክለኛውን ቦታ ለማንም በግልጽ አያሰራጩ።

ከሳቢሳዎች መካከል ግራጫውንና ጥቁር ራሱን ለመለየት ከክንፉ ሥር ይመልከቱ። የጥቁር ራሱ ክንፍ ከሥር ሲታይ ፊቱ ነጭ፣ ኋላው ጥቁር ሆኖ በግልጽ ይከፈላል፤ የግራጫው ወጥ ግራጫ ነው። ይህ ልዩነት በጣም በደበዘዘ ፎቶ ላይ እንኳ ይተርፋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የተሻለ ፎቶ ፍለጋ ወደ ውኃው ዳር አይጠጉ። ቦዬ ላይ ጉማሬ አለ፤ በተለይ ሲነጋና ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል።

ረጅም ምንቃሩ ወደ ታች የታጠፈ ጥቁር ወፍ

ጋጋኖ፣ ማለትም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የማይገኘው አይቢስ፣ ሲበር ክንፉ ላይ ትልቅ ነጭ ምልክት ያሳያል። ሃዳዳ የሚባለው አይቢስ ይህ ነጭ የለውም። ግን የሃዳዳ ክንፍ ያንጸባርቃል፤ ፀሐይ ካረፈበት ነጭ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ነጩ በሁለቱም ክንፎች ላይ፣ በተለያየ የክንፍ አቀማመጥ፣ በተከታታይ ፎቶዎች ላይ ካልታየ ጋጋኖ ብለው አይጻፉ። ሦስተኛው፣ ቀጭኑ አንጸባራቂ አይቢስ፣ ሲበር እግሩ ከጭራው አልፎ ይወጣል፤ የሃዳዳ እግር አያልፍም።

በሾላና በዋርካ ላይ የሚታዩ ትልልቆች

ብርማ ጉንጭ ሆርንቢል የሚባለው ባለ ግዙፍ ምንቃር ወፍ ፍሬ ሲበላ በቅጠል ይሸፈናል። ጥቁር ክንፍ፣ ነጭ ሆድና ነጭ ታፋ ከታየ እርሱን ከመጀመሪያዎቹ እጩዎች ጋር ያስገቡ። በምንቃሩ ላይ ያለው ትልቅ የገረጣ ጉብታ የወንዱ ነው፤ የሴቷ አነስተኛ ስለሆነ ጉብታ ጎልቶ አለመታየቱ አያስወጣውም። ሲበር የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ያነሳውን ሰው ስለዚህ ይጠይቁት።

ከዛፍ አናት ላይ የተነሳ አረንጓዴ ወፍ ክንፉን ሲዘረጋ ደማቅ ቀይ ከታየ ባለ ነጭ ጉንጩ ቱራኮ ነው ለማለት በቂ ነው። ፎቶው ቢደበዝዝም ያ ቀይ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የተቀመጠ ከሆነ ቀዩ ይደበቃል፤ ያኔ ረጅም ጭራውንና ቅርንጫፍ ላይ የመሮጥ ልማዱን ይፈልጉ። ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሿ በቀቀንም አረንጓዴ ናት፤ ጭራዋ አጭር ስለሆነ በርዝመት ትለያለች።

ትንንሾች

እዚህ ላይ አሳጥራለሁ፤ ምክንያቱም ደብዛዛ የትንሽ ወፍ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ስም አይሰጥም። በጋ ላይ የሚመጡት ዊሎ ዋርብለርና ቺፍቻፍ የሚባሉ ስደተኛ ትንንሽ ወፎች በጠራ ፎቶ ላይ እንኳ ያከራክራሉ። ጎጆ የሚሸምኑት ቢጫ ወፎች ሴቶቻቸው እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ በአንድ ዛፍ ላይ የተንጠለጠሉ ብዙ ጎጆዎች ካሉ ግን ያ ራሱ ማስረጃ ነውና ጎጆዎቹንም ፎቶ ያንሱ። ጭራው ከአካሉ የረዘመ ግራጫማ ቡናማ ወፍ፣ በቡድን ሆኖ አንዱ ከሌላው ኋላ እየተከታተለ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ከበረረ፣ አይጥ ወፍ የሚባለውን ከእጩዎች ያስገቡ።

ደረጃ 8፦ ያልሆነውን ያስወጡ፣ ከዚያ ስሙን ይጻፉ

1. ከእያንዳንዱ እጩ ፊት የሚያስወጣውን ምክንያት ይጻፉ። «አይመስልም» ምክንያት አይደለም። «ጭራው አጭር ነው፣ በሁለት ፎቶ ላይ አያለሁ» ምክንያት ነው።
2. እጩው በዚህ አካባቢ፣ በዚህ ወርና በዚህ ዓይነት ቦታ የሚገኝ መሆኑን ከመጽሐፉ ካርታ ያረጋግጡ። እንግዳ ስም ከወጣ ማስረጃዎን በእጥፍ ይጠይቁ።
3. መርሊንን አሁን ይጠቀሙ፤ ቦታውና ቀኑ በትክክል ይግባ። መተግበሪያው ደብዛዛ ፎቶ ላይም ቢሆን የስም ዝርዝር ሊያቀርብ ይችላል፤ ያቀረበውን እንደ ተጨማሪ እጩ ይቁጠሩት። እርስዎ ባስወጡት ምክንያት የሚወጣ ከሆነ ያስወጡት።
4. የቀሩትን ቆጥረው ከሚከተሉት በአንዱ ላይ ይቁሙ፦

ሙሉ ስም፦ «አያለሁ» ያሉት ቢያንስ ሁለት ምልክት ሲኖርና ሌሎቹ እጩዎች ሁሉ በምክንያት ሲወጡ። ልዩ ሁኔታው እንደ ቱራኮው ቀይ ያለ አንድ ብቻውን የሚበቃ ምልክት ሲሆን ነው።

ከሁለቱ አንዱ፦ «ጋጋኖ ወይም ሃዳዳ»።

ወገን ብቻ፦ «ጭልፊት፣ ዝርያው ያልተለየ»። ይህ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው መልስ ነው። ቢጫ ምንቃሩ ጭልፊት በልጅነቱ ምንቃሩ ጥቁር ነው፤ በበጋ ወራት ደግሞ ጥቁሩ ስደተኛ ጭልፊት አብሮት ይገኛል። ምንቃሩ በማይታይበት ፎቶ ላይ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ወፍ፦ ከዚህ በላይ ማስረጃ ከሌለ።

ኢበርድ «ዝርያው ያልተለየ» እና «ከሁለቱ አንዱ» የሚሉ ምርጫዎች አሉት፤ ይጠቀሙባቸው። ወገኑን ብቻ በትክክል የያዘ መዝገብ ያገለግላል። ዝርያውን በስህተት የያዘ መዝገብ ግን ሌላ ሰው እስኪያርመው ድረስ ያሳስታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርመው አይገኝም።

በሁለት እጩዎች መካከል ከተጣበቁ፦ ደብተሩን ዘግተው በማግስቱ ከደረጃ 4 ይጀምሩ። ዓይንዎ ስሙን ከለመደ በዚያው ቀን ሌላ ነገር አያይም።

ደረጃ 9፦ ሌሎችን ይጠይቁ፤ ቀልዱንም በቦታው ያድርጉ

1. ሁለት ሰዎችን ለየብቻ ይጠይቁ። አብረው ከተጠየቁ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይደግማል። በዕድሜ ወይም በልምድ የሚበልጠው ሰው ካለ መጨረሻ ላይ ይናገር፤ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው በአክብሮት ዝም ይላል።
2. የእርስዎን ስም አይንገሯቸው። ፎቶዎቹንና በደረጃ 3 የጻፉትን ብቻ ይስጧቸው።
3. ስም ብቻ የሰጠዎትን ሰው «ምኑን አይተህ ነው?» ወይም «ምን አይተው ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ከሌለው አይመዝግቡት።
4. ከእርስዎ ጋር ካልተስማሙ በሙሉ ስም አይመዝግቡ፤ አንድ ደረጃ ወደ ታች ይውረዱ።

ቀልዱን በተመለከተ፦ በደብዛዛ ፎቶ ላይ መሳቅ የወፍ ተመልካቾች ደስታ ነውና ማንም አይከልክለው። ሦስት ነገር ብቻ ይጠበቅ። አንደኛ፣ ሁሉም መልሱን ከጻፈ በኋላ ይሁን። ሁለተኛ፣ ሊሆን በሚችል የወፍ ስም አይቀለድ፤ «ፌስታል ነው» የሚለው ማንንም አያሳስትም፣ «ንስር ነው» የሚለው ቀልድ ግን ማታ ደብተር ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሦስተኛ፣ ሳቁ በፎቶው ላይ እንጂ ባነሳው ሰው ላይ አይሁን። አዲስ የጀመረ ተማሪ ወይም የቡና ገበሬ አንድ ጊዜ ከተሳቀበት በሚቀጥለው ደብዛዛ ፎቶውን ለማንም ሳያሳይ ይሰርዘዋል። የዚያ ገበሬ ማሳ ማንም ተመልካች የማይደርስበት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ የሰረዘው ፎቶ ላይ የነበረውም ኩርኪ ሊሆን ይችላል።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ፎቶውን ያመጣውን ሰው ስለ ቦታውና ስለ ሰዓቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት። ፎቶው እንደተፈለገ የሚያውቀው በዚህ ነው።

ደረጃ 10፦ ቀጣዩን ፎቶ ያሻሽሉ

1. ሌንሱን ይጥረጉ። በክረምት ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃትና እርጥብ አየር ሲወጡ ሌንስ ላይ ጉም ይይዛል፤ ስልኩ ከውጭው አየር ጋር እስኪስማማ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ።
2. በዋንዛ ግንድ ወይም በአጥር ላይ ክንድዎን ያስደግፉ።
3. ካሜራ ከሆነ የሻተር ፍጥነቱን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) ለሚበር ወፍ ቢያንስ 1/1000 ሰከንድ፣ ለተቀመጠ 1/250 ሰከንድ አካባቢ ያድርጉ። ደመናማ ቀን ላይ ፎቶው ከጨለመ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ይጨምሩ፤ የተሳበ ክንፍ ከሚኖርዎት ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ይሻላል።
4. ወፉ ከሰማይ ፊት ከሆነ ብርሃኑን አንድ እርከን ከፍ ያድርጉ።
5. በስልክ ከሆነ ዙሙን መጨረሻ ድረስ አይሳቡ። በግማሽ ያንሱና በኋላ ይቁረጡት።
6. ፎቶ አልሆን ካለዎት ቪዲዮ ያንሱ። በፎር ኬ የተቀዳ ቪዲዮ እያንዳንዱ ምስል 8 ሜጋ ፒክስል አካባቢ ነው፤ አንድ በአንድ እየገፉ ጥሩውን ይመርጣሉ፣ ድምፁም አብሮ ይቀዳል።
7. የመጀመሪያውን ፎቶ ካሉበት ቦታ ሳይንቀሳቀሱ ያንሱ። ከዚያ ጥቂት ይጠጉና ይድገሙ። ወፉ አንገቱን ካቀና ወይም መብላቱን ካቆመ ከዚያ በላይ አይቅረቡ። እንዲበር ብለው ድንጋይ አይወርውሩ።
8. ወፉ ከሄደ በኋላ የተቀመጠበትን ቅርንጫፍ ወይም ድንጋይ ከዚያው ከቆሙበት ቦታ አንድ ጊዜ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ ሄደው ቅርንጫፉን በስንዝር ይለኩ። ቤት ሲደርሱ የወፉን መጠን በዚያ ልኬት ያሰላሉ።